እርሾ ከቤት ሲወጣ

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ዝቅ ብሎ አንዲት ጠላ ሻጭ አለች። የጠላ ገኗን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጥባ በወይራ ጭስ የምታጥነው ጠዋት፣ እኔ ወደ ሥራ በማልፍበት ሰዓት ነው። ጭሱ ከደጃፏ ወጥቶ አስፋልቱን ሲሻገር እግሬ ሳላዝዘው ይቆማል። ባጃጅ ይጮኽብኛል፤ ሰው በትከሻው ገፋ አድርጎኝ ያልፋል። ሽታው መልካም ነው፤ የማይወደው ሰው አላውቅም። እኔን ግን ወደ አባቴ ቤት ይመልሰኛል። ትናንት አብረን ስናልፍም ቆሜ ቀረሁና «ምን ሆንሽ?» አልሽኝ። መንገድ ላይ የሚነገር አልነበረም። አሁን ተቀምጠናልና ልንገርሽ።

ደርግ ከወደቀ ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ነው መሰለኝ፤ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ላህ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ገበሬ ነበር። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ በላይ ሳይማር አባቱ ሞቱበትና ሞፈር ጨበጠ። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ትውልዷ ከቡሬ ገጠር፣ ከቤተ እስራኤል ነው። አያቶቿ ክርስትና ተነሥተዋል፤ መሬት ለማግኘት ይሁን ከፍርሃት፣ በእኔ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። ሸክላውን ግን አልተዉም፤ ሰውም እነሱን ቡዳ ማለቱን አልተወም። አባቴ እሷን ሲያገባ ከዘመዶቹ መካከል ሠርጉ ላይ የተገኘችው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ደጃችንን የረገጡት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም እያንገራገሩ ነው። እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ።

በዚያ ዓመት የእናቴ ወገኖች ከቡሬና ከአካባቢው ገጠር እየመጡ በከተማው ዳር ተሰባሰቡ። አንድ አሮጌ የበርበሬ መጋዘን ተከራይተው፣ ጠርገው፣ ግድግዳውን ለቅልቀው ምኩራብ አደረጉት፤ ወደ አያቶቻቸው እምነት ሊመለሱ። እናቴም እኔን ይዛ ትሄድ ጀመር። ከጎንደር መምህር መጣላቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነበር። የበርበሬው ሽታ ግን አልለቀቀም። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ከግድግዳው ስንጥቅ እየወጣ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። ጸሎት ሲጀመር ልጅ ዐዋቂ ሳይል ሁሉም ያነጥሳል። መምህሩ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ማነጠሳችን እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ እሱም ያነጥስና ይጀምራል።

ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ጠመኔ አይነካም፤ በቃል ብቻ ነበር የሚያስተምረን። እሑድ ከሰዓት ግን የባትሪ ድንጋይ ወቅጠን ያጠቆርነውን ጣውላ ግድግዳው ላይ ያስደግፍና የዕብራይስጥ ፊደል ይጽፍልናል። ልጆች ከፊት፣ እናትና አባት ከኋላ እንቀመጣለን። «ቤተሰቡ አብሮ ካልተማረ ልጁ የተማረውን ደጃፍ ላይ ጥሎት ይገባል» ይል ነበር። እናቴ ከኋላዬ ሆና ፊደሉን በሹክሹክታ ስትከተል ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀዋል። ጥፍሮቿ ሥር ሁልጊዜ ጭቃ አለ። ገበያ ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትሄደው እናቴ እዚያ ስትገባ ቀና ትል ነበር።

አባቴ እዚያ አይመጣም። አልከለከለንም፤ ሂዱም አላለንም። እናቴ በቅዳሜ ገበያ ማሰሮ መሸጥ ማቆሟን አይቶ ዝም አለ። አንድ ቀን ብቻ ደጅ ተቀምጬ ፊደሉን ስደግም፣ ቀንበር እየጠረበ ሳለ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ» ብሎ ተቀበለኝ። ደንግጬ ቀና አልኩ። «ዳዊት ውስጥ አለ እኮ» አለኝ፤ «የኔታ አስብለውኛል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።» ከዚያ መጥረቢያውን አነሣ።

በምኩራቡ የማኅበረሰቡ ታላቅ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ብረት ቀጥቃጭ ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ለሃይማኖታቸው ሲሉ ከሁለት ቀዬ ተሰደዋል ይባላል። አንድ ቅዳሜ እየተማርን ሳለ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ከውጭ «ቡዶች!» የሚል ድምፅና የሚሮጥ እግር ተሰማ። ትንንሾቹ አለቀሱ። መምህሩ ጣሪያውን እያየ «ቀጥሉ» አለን። ሽማግሌው ተነሥተው በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ ዘጉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎት ሲጀመር በሩ ይቀረቀራል፤ ሁላችንም ፊደል እየደገምን አንድ ጆሯችን ጣሪያው ላይ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ መምህሩ ስለ ፋሲካ ማስተማር ጀመረ። ሕዝቡ ከግብጽ ሲወጣ ሊጡ ሳይቦካ መነሣቱን፣ ስለዚህም በፋሲካ ሰባት ቀን ቂጣ እንጂ እርሾ የነካው ነገር እንደማይበላ፣ ከነጭራሹ ቤት ውስጥም እንደማይገኝ ነገረን። ከዚያ ጠየቀን፤

«ከቤታችሁ እርሾ ያለበት ምን ምን አለ?»

አንዷ እንጀራ አለች። አንዱ ዳቦ አለ። ከጥግ ያለች ሕፃን «ጠላ!» ብላ ጮኸች።

«ጎበዝ! ጠላም» አለ መምህሩ።

ያን ጊዜ የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ቀኑ በሀገሩ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ጠየቁ። መምህሩ ጣቶቹን አጥፎ ዘርግቶ አሰበና «የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ማታ ይገባል። ጠዋቱን ግን ቤቱ ጸድቶ መገኘት አለበት» አለ። የእናቴ ጣቶች ሥጋዬ ውስጥ ገቡ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አባቴ የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር ነበረው። ማኅበርተኞቹ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ በወንፈል አብረውት የሚያርሱ፣ አብረውት የሚያጭዱ። በየወሩ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ባለተራው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፤ ቄስ ይባርካሉ፤ ጽዋው ይዞራል። ሲበቃ ቀጣዩ ባለተራ ጽዋውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ይሏቸዋል። እኔ ምኩራብ ውስጥ ሙሴ ሲባል ፊቴ ላይ የሚመጡት እኒያ ባለ ከዘራ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ፈርዖንን በከዘራቸው ሲቆጡ ይታየኝ ነበር። አባቴ እዚህ ማኅበር ለመግባት ዓመታት ደጅ ጠንቷል። የመጋቢት ተራ የእሱ፣ ያውም የመጀመሪያው ነበር። እነዚያ የሸክላ ሠሪዋን ቤት ዞር ብለው የሚያልፉ ሰዎች በእሷ እጅ የተጠመቀ ጠላ ሊጠጡ ነው። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ጌሾውና ብቅሉ በወይራ በታጠነው ገን ጓዳ ውስጥ ተጠንስሷል።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገዱ መሐል ቆመች። «ለአባትሽ የምነግረው እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አትበይ» አለችኝ።

አልነገረችውም። ቀን ሄደ፣ ሌላ ቀን መጣ፤ አልነገረችውም። ጥንስሱ ከጓዳ ፍልቅ ፍልቅ እያለ ይሰማል። አባቴ ከእርሻ ሲገባ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ያሸትና «ዘንድሮስ እጅሽ ሰምሯል» ይላታል። እሷ ደጅ ተቀምጣ ለፋሲካው አዲስ ሸክላ ትሠራለች። የጥንቶቹ ለፋሲካ አሮጌውን ሸክላ ሰብረው በአዲስ ይበሉ እንደነበር አሮጊቶቹ ስለሚያስታውሱ የምኩራቡ ሰው ሁሉ ለእሷ ነበር ያዘዘ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንገቱ ተስተካክሎ ያለቀ ማሰሮ በጡጫዋ ጨፍልቃ መልሳ ጭቃ ስታደርገው አየሁ። ምኑ ላይ እንደተበላሸ አልታየኝም። እህል አልወርድ አለኝ። አባቴ ግንባሬን ዳስሶ «ወባ እንዳይሆን» አለ።

የመጨረሻው እሑድ መምህሩና ሽማግሌው እየዞሩ የየቤቱን ዝግጅት ያዩ ነበር። እኛ ቤት የደረሱት ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢውን ለብሶ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ተነሥቶ ተቀበላቸው። ሽማግሌው እግራቸው መድረኩን እንዳለፈ ቆሙ።

«ይህ የሚሸት ምንድን ነው?»

«ጠላ ነዋ አባባ» አለ አባቴ፤ «የመድኃኔ ዓለም ተራ የኔ ነው። አረፍ በሉ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?»

ሽማግሌው አልተቀመጡም። «ቀኑን ነግራሃለች?»

«የምን ቀን?»

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ጭቃ አልነበረበትም፤ ዝም ብላ ጠረገችው።

«ያንተ ማኅበርና የኛ ፋሲካ አንድ ቀን ዋሉ» አለችው። «ያን ዕለት እርሾ ያለበት ነገር ተቤት መገኘት የለበትም።»

አባቴ ወደ ጓዳው ዞሮ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ።

«መቼ ነው ያወቅሽ?»

«ጠላውን ተጠነሰስኩ በኋላ ነው።»

መምህሩ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ጠላው የእርስዎ ነው፤ የእሳቸው አይደለም። ጓዳውን ለብቻው ብንዘጋው...»

«አንድ ጣሪያ ነው!» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ከብረት ላይ የተነሣ ይመስል ነበር። «አንድ ምድጃ ነው። እኔ ለዚህ ስል ተሁለት ቀዬ ተነቅያለሁ። ግማሽ የጸዳ ቤት አላውቅም። ቤቷን ያላጸዳች ሴት ተኛ ጋር ለፋሲካ አትቀመጥም፤ ልጇም አትጠይቅም።»

የፋሲካውን ጥያቄ በጉባኤ ፊት ቆሜ እንድጠይቅ መምህሩ የመረጠው እኔን ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥንቼዋለሁ። አባቴ አየኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም።

«አባባ» አላቸው ቀስ ብሎ፤ «እርሾ ሁሉ ይውጣ ካሉ፣ እኔስ? እኔም እኮ እዚሁ ቤት የቦካሁ ነኝ።»

መምህሩ መሬቱን አየ።

«ገኑ ይወጣል» አለ አባቴ። «እኔም አብሬው እወጣለሁ። እህቴ ቤት ቦታ አለ።»

እናቴ ደነገጠች። «አንተን ማን ውጣ አለህ?»

«ማንም አላለኝም» አላት። ጋቢውን አስተካክሎ ለበሰ። «እንዲያው እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ዳቦና ጠላዬን ከማሳድድ አብሬው ልሰደድ ብዬ ነው።»

ገን ሙሉውን ሰው አይሸከመውም። አክስቴ መጣችና ጥንስሱን በእንስራ እየቀዱ፣ እሷ በጀርባዋ፣ አባቴ ባዶውን ገን በትከሻው አድርገው ወጡ። ጽዋውን በሌላ እጁ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ አየው። ሙሴ ከበራቸው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ምነው ወዳጄ? ጽዋው ቤቱን ለቀቀሳ?»

አባቴ ሳይቆም «ቤቱ ጠቦት ነው» አላቸው።

ሙሴ ቤቱ ጠበበው ማለቱ መሰላቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ያን ሰሞን የምማረው ሁሉ ለፋሲካ ስለሚታረደው ጠቦት ነበርና ሌላውን ሰማሁ። ቤታችን የታረደ መሰለኝ። አባቴ የትኛውን ለማለት እንደፈለገ ጠይቄው አላውቅም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም።

የማኅበሩ ቀን እናቴ ከንጋት ጀምራ ቤቱን ጠረገች፣ ምሰሶውን ሳይቀር አጠበች። አሮጌው ሸክላ ሁሉ ወጥቷል። ቤቱ ድምፅ የሚመልስ ባዶ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ፤ አዳዲስ የሸክላ ዋንጫዎች በቅርጫት ደርድራ በጨርቅ ሸፈነችልኝ። መቼ እንደሠራቻቸው አላየሁም።

«ለአባትሽ ስጪው፤ እንግዶቹ ይጠጡበት» አለችኝ። «አንቺ ጠላም ዳቦም አትንኪ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምኩራብ ድረሺ፤ እኔ እዚያ ነኝ።»

አክስቴ ቤት ስደርስ ቄሱ ገብተዋል። አግዳሚው ላይ ግን ቦታ ብዙ ነበር። ከመጡትም ግማሾቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። አባቴ ዋንጫዎቹን ሲያይ አንዱን አነሣና በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው። አክስቴ ጠላውን እየቀዳች አዞረች። ማንም ወደ አፉ አላነሣም።

ሙሴ ናቸው የተናገሩ። «ጽዋ ተባለተራው ምድጃ ነው የሚነሣ። ሚስት ባሏን ተቤቱ አስወጥታ...»

«አላስወጣችኝም» አለ አባቴ። «የወጣሁ እኔ ነኝ።»

«ለማን ብለህ?»

አባቴ በሩ ሥር ወደቆምኩት ወደኔ አየ። «ለዚች ልጅ። ዛሬ በወገኖቿ ፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አላት። እናንተም ልጅ አላችሁ።»

ቄሱ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ዐይናቸው ፈዟል። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ እያገላበጡ ቆዩና «በሉ፣ ዳቦው ይምጣ» አሉ። ባረኩ። ቆርሰው መጀመሪያ ለአባቴ ሰጡት። ጥቂቶቹ ተቀበሉ። ሙሴና ሌሎቹ ግን ተነሡ፤ ለቄሱ ሰግደው ለአባቴ ሳይናገሩ ወጡ። ያልተነኩት ዋንጫዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ቀሩ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጠላው ላይ ቢጫ ክብ ክብ ሠርቶ ነበር። ለቀጣዩ ወር ጽዋውን የሚወስደው ሰው ከወጡት አንዱ ነበርና ቄሱ ራሳቸው በጨርቁ ጠቅልለው በጋቢያቸው ሥር ያዙት።

«ቤተ ክርስቲያን ይቀመጣል» አሉ። አባቴ ያን ጊዜ ነው ፊቱን በመዳፉ የሸፈነው።

ቆየና ተነሣ። «ፀሐይዋ እየሄደች ነው፤ ላድርስሽ» አለኝ። ደጅ ወጥቶ እጁን ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ። ጋቢውን አውልቆ ደጋግሞ አራገፈው። ከዚያ መንገድ ስንጀምር እጄን አልያዘኝም፤ እሱ በወዲያኛው ዳር፣ እኔ በወዲህኛው ዳር ሆንን።

«አባዬ፣ ለምን ወዲያ ራቅክ?»

«ፍርፋሪ ቢኖርብኝስ» አለ።

እንዲህ ሆነን፣ መንገዱን መሐላችን አድርገን ሄድን። የሚያልፈው ሰው ተጣልተው ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም ያየን። ምኩራቡ አጠገብ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ። «ግቢ» አለኝ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

ስገባ በሩ ከኋላዬ ተቀረቀረ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ነበር። መካከል ላይ ቂጣው በእናቴ አዲስ ሸክላ ተደርድሯል፤ ጎኑ መራራ ቅጠል አለ። ፋኖሱ ገና በርቶ ደብዝዟል፤ የሚያነጥሰው አነጠሰ። እናቴ ብቻዬን መግባቴን አየችና ዐይኗን ሰበረች። መምህሩ ፋሲካውን አንብቦ ወደኔ ጠቆመ። ተነሣሁ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ከጭንቅላቴ ተነቅሎ ጠፋ። የማየው አግዳሚው ላይ የቀሩትን ዋንጫዎች ብቻ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ሳቀ። ሽማግሌው በወፍራም ቅንድባቸው ሥር ያዩኛል፤ መምህሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሊያስጀምረኝ ይሞክራል። እንባዬ መጣ።

ከግድግዳው ውጭ ሰው ሳለ። ጠዋት ጠዋት በሬ ሲጠምድ የምሰማው ሳል ነው፤ ከሺህ ሳል እለየዋለሁ። እናቴም ለየችው፤ አንገቷ ቀና ሲል አየሁ። ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ይህ ቀን ከሌላው ቀን ለምን እንደተለየ፣ ሌላ ቀን የቦካውንም ያልቦካውንም እየበላን ዛሬ ቂጣ ብቻ የሆነው ለምን እንደሆነ፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም ጠየቅሁ። ድምፄ ቆርቆሮውን መታው። መምህሩ ኋላ «መጋዘኑ ሁሉ የጠየቀ መሰለኝ» አለኝ።

ስጨርስ ሽማግሌው ተነሡ። ወደ በሩ ሄዱ። መቀርቀሪያውን አነሡ። ወደ ውጭ፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ አዩ። ከማን ጋር እንደተያዩ እኔ ከተቀመጥኩበት አይታየኝም። ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም። ያን ምሽት ድንጋይ ከፈራንበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ተከፍቶ ጸለይን። አየሩ ገባ፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ። ድንጋይ አልመጣም።

ያን ሳምንት አባቴ ጠዋት ወደ እርሻ ሲያልፍ አጥሩ ጋ ይቆም ነበር። እናቴ ቂጣ በቅጠል ጠቅልላ ከአጥሩ በላይ ትሰጠዋለች፤ ጾሙን እስኪፈታ ጋቢው ውስጥ ያስቀምጠዋል። በማግሥቱ «ጨው ጎድሎታል» ይላታል። እሷ «አንተም ጎድለሃል» ትለዋለች። በአንድ ቤት ሳሉ እንደዚያ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ቁልቁል እያየች የምትስቀውን ሳቅም ያን ሳምንት ነው ያየሁት።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ገኑን ተሸክሞ ተመለሰ። ማኅበሩ ግን አልተመለሰለትም። መኸር ሲደርስ ወንፈል የሚመጣ ሰው አልነበረም። ጤፉን እሱ፣ እናቴ፣ አክስቴና እኔ ሆነን አጨድነው፤ ዝናብ ቀድሞን ከፊሉ ማሳው ላይ በሰበሰ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንሥቶ አልተናገረም። እናቴ ማታ ማታ እግሩን ስታጥበው ከወትሮው ይበልጥ ትቆይ ነበር፤ ያ ነበር ንግግራቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምኩራቡ ሰዎች ወደ ጎንደር ሊሄዱ ተነሡ፤ እዚያ ከሌሎቹ ጋር ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዳቸውን ቀን ሊጠብቁ። ሽማግሌው ቤታችን መጡ። በዚህ ጊዜ ተቀመጡ። እናቴ እኔን ይዛ እንድትሄድ፣ አባቴም ተምሮ ወደ ሃይማኖታቸው ከገባ አብሮን ሊሄድ እንደሚችል ተናገሩ። አባቴ አዳመጠና ለእሷ መለሰ፤ «ውጣ ካልሽኝ ቤቱን ለሳምንት እለቃለሁ፤ ማተቤን ግን አልለቅም። አንቺን ደግሞ አላስርሽም።»

እናቴ ያን ዕለትም በማግሥቱም አልመለሰችም። የጭነት መኪናው የመጣ ቀን ነጠላዋን ለብሳ፣ ትልቅ ጥቅል ተሸክማ እጄን ያዘች። አባቴ ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አልተከተለንም። መንገዱን ሙሉ ጎንደር ልንሄድ መሆኑን እኔ አልተጠራጠርኩም። መኪናው ጋ ስንደርስ ሰው ተጭኗል። መምህሩ እጁን ዘረጋልኝ፤ ሊያወጣኝ። ሞተሩ ተነሣ። እናቴ ጥቅሉን ፈታችው፤ ቂጣና ለመንገድ የሠራችው አዲስ ማሰሮ ነበር። ለሽማግሌው አቀበለቻቸው። ጎንበስ ብለው ራሷን ሳሙት። እጄን ግን አልለቀቀችም፤ ጭብጥ አድርጋ እንደያዘችኝ አቧራው እስኪሰክን ቆመን፣ ተመለስን። አባቴ ስንመጣ ሲያየን ተቀመጠ።

መጋዘኑ እንደገና በርበሬ ገባበት። እናቴ ግን ጨረቃ እየቆጠረች ፋሲካውን በየዓመቱ ቤት ትጠብቅ ነበር። ጠያቂዋም ሰሚዋም እኔ። አባቴም ማንም ሳያዘው፣ ቀኑ ሲቃረብ ጠላውንና ዳቦውን፣ አሮጌውን ሸክላ ይሸከምና እህቱ ቤት ይሄዳል። እኔ ተዳርኩ፣ ወለድኩ፤ እሱ ሸበተ፤ አሁንም ይወጣ ነበር። አክስቴ ከሞተች በኋላ እንኳ ባዶ ቤቷ ውስጥ ብቻውን ሳምንቱን ይከርም ነበር።

አባቴ የሞተው ካቻምና፣ ጾም ሳይገባ ነው። ፋሲካው ሲደርስ እናቴን ላግዝ ሄድኩ። መጥረጊያ ይዤ ከጓዳው ጀመርኩ፤ ማሰሮዎቹን ወደ ደጅ አወጣሁ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ዐይኗ ደክሟል፤ ጣቶቿ ከእንግዲህ ጭቃ አይዙም። ገኑን ላንቀሳቅስ ስሞክር ጠራችኝ።

«ተዪው ልጄ» አለችኝ። «ዘንድሮ ማን ይዞት ሊወጣ ነው?»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከደጃፉ ላይ እስክትነሣ ገኑን እያየን ቆየን።